ሲሟሟቅ የሚጠፋ፣ ጠዋት የሚመለስ የጅማት ሕመም፦ ጉዳዩ የእግር ነው የነርቭ?

ማለዳ_ሩጫ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማሠለጥነው የ10 ኪሎ ሜትር ሯጭ ከተረከዙ በላይ ያለው ወፍራሙ ጅማት (አኪለስ) ካመመው አምስተኛ ወሩን ይዟል። የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ያነክሳል፣ ሰውነቱ ሲሟሟቅ ይተወዋል፣ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ እንደገና ይይዘዋል። ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሳምንት አርፎ ሲመለስ ያው ነው። አልትራሳውንዱ ጅማቱ ትንሽ ወፍሯል እንጂ አልተቀደደም ይላል። አንድ ባለሙያ «ሕመምን የሚሠራው አንጎል ነው» ቢለው፣ ልጁ «አላመመህም» የተባለ መስሎት ተቀይሟል። አባባሉ ምን ማለት ነው? እያመመው መሮጥ ካለበትስ ልኩ የት ድረስ ነው?

ነርቭና_ጡንቻ፦
አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ስለተነገረው ልጁ ቢቀየም አይፈረድበትም። የተሰበረ አጥንት ሕመምም ቢሆን የሚሰማው አንጎል ውስጥ ነው። ጅማቱ ላይ ያሉት የነርቭ ጫፎች ሕመም አይልኩም፤ የሚልኩት «እዚህ ጋ ጉተታው በዝቷል፣ ኬሚካሉ ተለውጧል» የሚል ወሬ ነው። ወሬው በሁለት ዓይነት የነርቭ ክሮች ይጓዛል። ስስ ሽፋን ያላቸው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ፤ ሽፋን የሌላቸው ደግሞ ከ2 ሜትር አያልፉም። የእግር ጣት ድንጋይ ሲመታው መጀመሪያ ስል ውጋት፣ ቀጥሎ የሚቆይ ጥዝጣዜ የሚሰማን በዚህ ምክንያት ነው።

ወሬው ኅብለ ሰረሰር ሲደርስ ደግሞ እንዳለ አያልፍም። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል በ1965 ይህን በበር መሰሉት፤ የተመታውን ቦታ ስናሸው የሚቀለን የንክኪው መልእክት በሩን ስለሚያጠብበው ነው። ከላይ፣ ከአንጎል ግንድ፣ የሚወርድ ትእዛዝም አለ፤ በሩን ይዘጋል፣ ወይም ወለል አድርጎ ይከፍታል። ሐኪሙ ሄንሪ ቢቸር በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ በጦር ሜዳ ክፉኛ ከቆሰሉት ወታደሮች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሕመማቸው ማስታገሻ የሚያስጠይቅ እንዳልነበረ ዘግቧል። ቁስሉ አለ፣ ሕመሙ ግን በቁስሉ ልክ አይደለም። የተገላቢጦሹም ይሆናል፤ ወሬው ለወራት ሲደጋገም ሰረሰር ውስጥ ያሉት ሕዋሳት በትንሽ መልእክት ብዙ ይጮኻሉ። እንቅልፍ ማጣትና ስጋት ይህን ያብሱታል።

ለእናንተ ትልቁ ነገር የሚከተለው ነው። እንቅስቃሴ ራሱ ያን የሚወርድ ማስታገሻ ይቀሰቅሳል። ልጁ ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚቀለው በአብዛኛው የነርቭ ሥርዓቱ ድምፁን ስለሚቀንሰው ነው፤ ጅማቱ በ10 ደቂቃ አልዳነም። ስለዚህ እየሮጠ የሚሰማው ነገር ብቻውን መለኪያ አይሆንም። እውነተኛው መልስ በማግስቱ ጠዋት ይመጣል።

ፊዚዮ_ባት፦
ከላይ ያለው ላይ ተግባሩን ልጨምር። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከአልጋ ወርዶ ጥቂት ከተራመደ በኋላ፣ በታመመው እግር ብቻ ቆሞ ተረከዙን 10 ጊዜ ያንሳ፤ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ይስጠውና ይጻፈው። እየሮጠ ከ0 እስከ 2 ከሆነ ችግር የለም። ከ3 እስከ 5 የሚፈቀደው በማግስቱ ጠዋት ቁጥሩ ወደተለመደው ከተመለሰ ብቻ ነው። ከ5 ካለፈ ወይም የጠዋቱ ቁጥር ከሳምንት ሳምንት እየወጣ ከሄደ፣ መጀመሪያ ፍጥነቱንና ዳገቱን ቀንሱ፤ ኪሎ ሜትሩ ቀጥሎ ይመጣል። ጅማትን ከርቀት ይልቅ ፍጥነት ያስጨንቀዋል።

እረፍት ብቻውን ያልሠራው ጅማቱም ጡንቻውም አቅም ስላጡ ነው፤ ሲመለስ ያው ጫና ይበልጥ ይከብደዋል። የሚያስፈልገው ከባድና ዝግ ያለ ተረከዝ ማንሳት ነው፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ቀን እያሳለፉ፦ ቆሞ ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ ተቀምጦ ጉልበት ታጥፎ፣ በእግር መግፊያው ማሽንም። 3 ሰከንድ መውጣት፣ 3 ሰከንድ መውረድ። አንደኛ ሳምንት 3 ዙር በ15፤ ሁለተኛና ሦስተኛ 3 ዙር በ12፤ አራተኛና አምስተኛ 4 ዙር በ10፤ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ 4 ዙር በ8፤ ከዚያ እስከ አሥራ ሁለተኛው 4 ዙር በ6። ክብደቱ በእውነት ከባድ ይሁን፤ «በ15» ማለት አሥራ ስድስተኛውን ማንሳት የማያስችል ክብደት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ሕመሙን ፈርተው ክብደት ሳይጨምሩ 12 ሳምንት ይሠሩና «አልሠራም» ይላሉ።

ሰከንዱን በልቡ አይቁጠር፤ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚያሰማ መሣሪያ) ይክፈት። በውጭ ምት የሚሠራ ከባድ ልምምድ በራስ ምት ከሚሠራው ይልቅ ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርደውን ትእዛዝ ያነቃቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው የጉልበት ጭማሪም በብዛት የነርቭ እንጂ የጡንቻ መወፈር አይደለም።

ሳይንቀሳቀሱ 45 ሰከንድ መያዝን፣ 5 ጊዜ፣ በመሃል 2 ደቂቃ እያረፉ፣ ብዙዎች ይመክራሉ። በ2015 በጉልበት ጅማት ላይ የታየው ፈጣን እፎይታ በአኪለስ ላይ በኋላ ሲሞከር እንደዚያ አልተደገመም። ሞክሩት፤ ወዲያው ካላቀለለው ጊዜ አታባክኑበት።

ሌላው፣ ጅማት ከከባድ ጫና በኋላ በመጀመሪያው ቀን ተኩል ከሚገነባው የሚያፈርሰው ይበልጣል። ስለዚህ በሁለት ፈጣን ልምምዶች መካከል ቢያንስ 48 ሰዓት ይኑር። ሕመሙ አጥንቱ ላይ፣ ጅማቱ የሚያያዝበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ባትን አጥብቆ መሳሳብና ተረከዝን ከደረጃ ጠርዝ በታች ማውረድ ይቅር፤ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ተጭኖ እንዲጨመቅ ያደርገዋል።

ማለዳ_ሩጫ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ በውድድር ቀን ማስታገሻ ውጦ ቢሮጥስ?

ነርቭና_ጡንቻ፦
አይሆንም። በ2009 የታተመ ሙከራ አለ። የሠለጠኑ ብስክሌተኞች ወገባቸው ላይ ፌንታኒል የተባለ ኃይለኛ ማስታገሻ ተወግተው ከእግራቸው ጡንቻ የሚመጣው ወሬ ቀነሰና 5 ኪሎ ሜትር በሙሉ አቅማቸው ጋለቡ። በኃይል ጀመሩ፣ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ወረዱ፣ ሰዓታቸው አልተሻሻለም፤ ከብስክሌቱ ሲወርዱ መራመድ ተቸገሩ። ያ የሚያስጨንቅ ወሬ ለካ ጉልበትን የሚመጥን ነው። አይቡፕሮፌን የተባለው ማስታገሻ ደግሞ ላብ ባደረቀው ሰውነት ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

የድካም ስሜቱን መቀነስ ከፈለጋችሁ ሌላ መንገድ አለ። ካፌይን በኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊ ግራም፣ ከመነሻው 1 ሰዓት በፊት፤ መጀመሪያ በልምምድ ቀን ይሞከር። ከውድድሩ በፊት አእምሮ የሚያደክም ነገር አይሥራ፤ በ2009 በሌላ ሙከራ 90 ደቂቃ ትኩረት የሚጠይቅ የኮምፒውተር ሥራ የሠሩ ሰዎች እግራቸው ሳይደክም የመጽናት ጊዜያቸው በ15 በመቶ ገደማ አጥሯል።

አጥንትና_መገጣጠሚያ፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ግን የ0 እስከ 5 ሕጉ የጅማት ነው፣ ወደ አጥንት አታሻግሩት። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ በሮጠ ቁጥር የሚብስ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ብሽሽት፣ የቅልጥም ፊት ወይም የእግር ጀርባ ላይ ከሆነ ሩጫው በዚያው ቀን ይቁም።

ልጁን ሦስት ነገር ጠይቁልን። የጠዋቱ መገተር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል? ሁለቱም ተረከዝ፣ ወይም ወገቡም አብሮ ይይዘዋል? እንዲህ ከሆነ የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራና የሩማቶሎጂ ሐኪም ያስፈልገዋል። ሦስተኛው፣ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ወራት ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም የዚያ ዘር የሆነ አንቲባዮቲክ ወስዷል? እነዚህ መድኃኒቶች አኪለስን እስከ መበጠስ ያደርሳሉ፤ ወስዶ ከሆነ ከባዱን ክብደት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ይየው።