ሎክ ያደረግኩት ሌዘር ለምን ይንሸራተታል?

ጥያቄ (ጀማሪው)፦ ሰላም ለሁላችሁ። በ4.5 ማይክሮሜትር የሚሠራ ኳንተም ካስኬድ ሌዘር (ኢንፍራሬድ የሚያወጣ የሴሚኮንዳክተር ሌዘር) አለኝ። በአንድ የናይትረስ ኦክሳይድ መስመር (ጋዙ ብርሃን በሚውጥበት ፍሪኩዌንሲ) ላይ ሎክ አድርጌዋለሁ፤ ማለትም ሰርኪዩቱ ሌዘሩን መስመሩ መሀል ላይ ይዞ ያቆየዋል። ሎኩ አይለቅም። ግን ከፍሪኩዌንሲ ኮምብ (የብርሃን ፍሪኩዌንሲ እንደ ማስመሪያ ከሚለካ ሌዘር) ጋር ሳስተያየው በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሜጋኸርዝ ወዲያ ወዲህ ይላል። የጋዙ ግፊት 100 ፓስካል ነው፤ ሲግናሉን የማወጣው በ1ኤፍ ነው (ሌዘሩን በትንሹ እያወዛወዝኩ ምላሹን በዚያው በማወዛወዣው ፍሪኩዌንሲ አነባለሁ)። የከረንት ድራይቨሩን ቀየርኩት፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ምን ልሞክር?

ጨረር፦ የሙቀት መቆጣጠሪያውን እየው። እነዚህ ሌዘሮች በአንድ ዲግሪ ብዙ ጊጋኸርዝ ይሸሻሉ። የዲግሪ አንድ ሺኛ እንኳ ሜጋኸርዞች ናት።

አሮጌው ኦፕቲክስ፦ ጨረር፣ ያልከው ሎክ ለሌለው ሌዘር ልክ ነው። የሱ ግን ሎክ ሆኗል፤ የሌዘሩን ሙቀት ሎኩ ራሱ ያካክሰዋል። እዚህ የሚንሸራተተው ዜሮው ነው፤ ማለትም ሎኩ የመስመሩ መሀል ነው ብሎ የሚይዘው ነጥብ። ጋዙን አውጣና ሌዘሩን ስዊፕ አድርገው (ፍሪኩዌንሲውን ከዳር እስከ ዳር አስኪደው)። ሲግናሉ ላይ ሞገድ ካየህ ሌባው ተያዘ።

ጀማሪው፦ ኧረ አለ! ከአንዱ የሞገድ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 150 ሜጋኸርዝ ገደማ።

አሮጌው ኦፕቲክስ፦ የብርሃንን ፍጥነት ለሁለት እጥፍ ርቀቱ አካፍል። 150 ሜጋኸርዝ ማለት 1 ሜትር ነው። ሜትር ይዘህ ያን ያህል የሚራራቁ ሁለት ገጾች ፈልግ፤ ብርሃኑ በመካከላቸው እየተመላለሰ ነው። ክፋቱ፣ የመስመርህ የዶፕለር ስፋትም (ሞለኪውሎቹ ስለሚንቀሳቀሱ የሚመጣው ስፋት) 125 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ጠረጴዛህ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ በ1 ዲግሪ በሜትር 23 ማይክሮሜትር ይረዝማል። ሞገዱ በየ2.25 ማይክሮሜትሩ ስለሚደጋገም ዐሥር ጊዜ ያልፍሃል። የአየር ማቀዝቀዣው ተነስቶ እስኪጠፋ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ጀማሪው፦ 20 ደቂቃ ገደማ። ወይ ጉድ።

ፀጥታ፦ ሞገዱን ብታጠፋም በዶፕለር በሰፋ መስመር ላይ ትክክለኛ ልኬት አትጠብቅ። ግፊቱን ወደ ጥቂት ፓስካል አውርድ፣ ጨረሩን በራሱ መንገድ መልሰው፣ መሀል ላይ የምትወጣውን ላምብ ዲፕ (በመስመሩ መሀል የምትታይ ጠባብ ጎድጓዳ) ያዝ። ስፋቷ 1 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሰፋ ሞገድ ብዙም አያጣምማትም። በ3ኤፍ (በማወዛወዣው ፍሪኩዌንሲ ሦስት እጥፍ) ካወጣሃት ከሥሯ ያለው የሰፊው መስመር ተዳፋትም ይጠፋል። ታዲያ የተመለሰው ጨረር ሌዘሩ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቅ! እኔ ይህን ችላ ብዬ ሁለት ሳምንት ሌዘሩ ተበላሸ ስል ከረምኩ።

ጀማሪው፦ ከሌዘሩ ሌንስ እስከ ዲቴክተሩ መስኮት ለካሁ፤ 98 ሴንቲሜትር። ዲቴክተሩን በእርሳስ ጫፍ ነካ ሳደርገው ሲግናሉ ዘለለ። ትንሽ አዘንብዬ አሰርኩት፤ ሞገዱ አንድ አምስተኛ ሆነ። አሁን መንሸራተቱ ከግማሽ ሜጋኸርዝ በታች ነው። ፓምፑ ነፃ የሚሆነው ሰኞ ስለሆነ የፀጥታን ያኔ እሞክራለሁ።