መንገድ የሚጠቁም ቀስት የማያሳይ፣ ራሴ ፈልጌ የማገኝበት ጌም የቱ ነው?

የታቦር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከሐዋሳ ነኝ። ጌም የለመድኩት እንደ ብዙዎቻችሁ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሌላው ፊፋ ሲጫወት እኔ ተራዬ ሲደርስ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ አስከፍታለሁ። ሚሽኑ ብዙም አይስበኝም። መኪና ይዤ ከከተማ መውጣት፣ ቺሊያድ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሜ ማዶውን ማየት ነው ደስ የሚለኝ። ገና ያልተከፈተው ከተማ ስገባ 4 ኮከብ ተሰጥቶኝ ፖሊስ በብርቱ ያሳድደኛል። እሱም ቢሆን ይጥመኛል።

አሁን ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። ራሙ 4 ጊጋ ነው። ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ዞሬ የማልጠግበው ጌም ንገሩኝ፤ ከነምክንያቱ።

ባለ ፈረሱ፦
ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2። ለኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም። መንገድ ላይ እባብ የነደፈው ሰው «እርዱኝ» ብሎ ይጮሃል። አልፈኸው መሄድ ትችላለህ። ከረዳኸው ግን ሌላ ቀን ከተማ ውስጥ ጠመንጃ መሸጫው በር ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ። ያውቅሃል፤ «የፈለግከውን ምረጥ፣ ሒሳቡ በኔ» ይልሃል። ካርታው ላይ ይህን የሚነግርህ ምንም ምልክት የለም። ችግሩ ኮምፒውተር ላይ ቢያንስ 8 ጊጋ ራምና 150 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል። ላፕቶፑን ስትቀይር አትርሳው።

እህትህ ከፒያሳ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ የኔም ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

ካርታውን በምልክት የሚሞላ ጌም አልወድም። ዓይንህ ጥግ ላይ ካለችው ትንሽ ካርታ አይነቀልም፤ ሀገሩን ሳታየው ትጨርሰዋለህ። ይህ የገባቸው ሠሪዎች አሉ። 2020 ላይ የወጣው ጎስት ኦፍ ሱሺማ መንገድ የሚመራህ በነፋስ ነው። ሳሩ ወዳጎነበሰበት ፈረስህን ታዞራለህ። የ2017ቱ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ደግሞ ገና ስትጀምር አምባ ላይ ያቆምሃል፤ ከዚያ ያየኸው ተራራ ሁሉ ይወጣል። ገደሉን እየቧጠጥክ መሀል ላይ ዝናብ ከጣለ ያንሸራትትሃል። ቁጭ ብለህ እስኪያባራ ትጠብቃለህ። እኔ ያን መጠበቅ እንኳ እወደዋለሁ።

ላንተ ግን ሞሮዊንድ ነው የምለው። የወጣው 2002 ነው። ያኔ የጠየቀው 256 ሜጋ ራም ስለሆነ ያንተው ይተርፈዋል። ከመርከብ ወርደህ ሰይዳ ኒን ከምትባል ረግረግ ዳር ያለች መንደር ትጀምራለህ። ባልሞራ ሄደህ አንድ ሰው ፈልግ ትባላለህ፤ አለቀ። ቀስት የለም። ሰው መጠየቅ አለብህ። ድልድይ ተሻገር፣ መንገዱ ሲከፈል በዚህ ያዝ ይሉሃል፤ እኛ ለእንግዳ «ገብርኤልን አለፍ ብለህ ወደ ሐይቁ ውረድ» እንደምንለው። የነገሩህ ማስታወሻህ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ በራስህ ዓይን ትፈልጋለህ። ስታገኘው ያንተ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ ሌላውን አላበላሽብህም። ከመንደሯ ወጣ ስትል ከላይ ጩኸት ትሰማለህ። ቀና ስትል አንድ ሰው ከሰማይ እየወደቀ ነው። ፊትህ ተከስክሶ ይሞታል። ኪሱን ስትፈትሽ ማስታወሻና የመዝለያ አስማት የተጻፈባቸው ጥቅሎች ታገኛለህ። አንዱን አንብበህ ብትዘል ደመናውን ትነካለህ። አወራረዱን ካላሰብክበት ግን መጨረሻህ እንደሱ ነው። ማንም «ሚሽን ተጀመረ» አይልህም። መንገድ ላይ ስለነበርክ ብቻ ያገኘኸው ነው። ጌም ስል ይህን ነው የምለው።

የሚከብደውንም ልናገር። ንባቡ ብዙ ነው፤ እንግሊዝኛው ያደክማል። መጀመሪያ ላይ ሰይፍህ ጠላትህን ሲነካው እያየህ እንደሳትክ ይቆጠርብሃል፣ ችሎታህ ገና ስለሆነ። ታገሰው።

ሥራ ውዬ፦
እህቴ፣ በአንዱ አልስማማም። ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ድልድይ ፍለጋ የምዞርበት ጉልበት የለኝም። ቀስቱ ያግዘኛል። ስለዚህ ስካይሪም እላለሁ፤ የ2011ዱን። 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ የግራፊክስ ካርዱ ሚሞሪ ግን 512 ሜጋ መሆን አለበት፤ ያንተን እየው። ቀስት አለው፤ ካልፈለግከው ዝም ብለህ እለፈው። 7,000 ደረጃ በሚባለው መንገድ ተራራውን በበረዶ ውስጥ በእግርህ ውጣ፤ ቺሊያድን የወደደ ሰው እሱን አይጠላም።

የታቦር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከሰማይ የወደቀው ሰውዬ ወስኖልኛል፤ በሞሮዊንድ እጀምራለሁ። መብራቱን ግን ምን ላድርገው? ሳን አንድሪያስ ላይ ቤት ካልደረስክ ሴቭ የለም።

እህትህ ከፒያሳ፦
እዚህ የትም ቆመህ ሴቭ ታደርጋለህ። ኪቦርዱ ላይ ኤፍ 5 ናት። በር ከመክፈትህ በፊት፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ከማውራትህ በፊት፣ ውጭ ደመናው ከብዶ መብራት የሚሄድ ከመሰለህ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ተጫናት። የሚወድቀውን ሰውዬ ስታገኘው እዚሁ ጻፍልኝ።