ክርክር፦ የጎንደር ሰው የጓዳውን ቆሻሻ ለይቶ እንዲያወጣ ይገደድ?

አወያይ፦ ጥያቄው ቀላል ነው። ልጣጭና የምግብ ትራፊ ለብቻ፣ ላስቲክና ጠርሙስ ለብቻ ይውጣ? ያልለየስ ይቀጣ? ለነገሩ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ድሮም ለዩ ይል ነበር። ስንቶቻችን ሰምተናል? በሉ እንግዲህ፣ ስድብ ክልክል ነው።

የማራኪዋ፦ እኔ ሁለት ወር ለየሁ። ከበር ኋላ ሁለት ማዳበሪያ አቆምኩ። (ጆንያውም ማዳበሪያ፣ ልጣጩ በስብሶ የሚሆነውም ማዳበሪያ!) ጋሪው መጣ። ልጁ ዓይኔ እያየ ሁለቱንም አንድ ላይ ገለበጣቸው። «ምነው?» ስለው «እታለም፣ መኪናው እንደሆነ አንድ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ የሚጭነው ይለይ፣ ከዚያ እኔን ቅጡኝ።

የአዘዞው፦ ለእኔ ዋናው ጉዳት ራሱ መኪናው ነው። ዳገቱን ሲወጣ የሚተፋውን ጭስ አይታችኋል? ለሁለት ዓይነት ቆሻሻ ሁለት ምልልስ ከሆነ ናፍጣው እጥፍ ሊሆን ነው። አካባቢ እንጠብቃለን ብለን አየሩን ልናጠቁረው?

የቀሃ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ጭሱ ስለሚታይ ነው እንጂ የባሰው የማይታየው ነው። ከጓዳችን የሚወጣው አብዛኛው እርጥብ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ። ይህ ተከምሮ ውስጡ አየር ሲያጣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ፣ ኪሎ በኪሎ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ያው ልጣጭ እየተገላበጠ፣ አየር እያገኘ ቢበሰብስ ሚቴኑ በጣም ይቀንሳል። በደንብ ካልተያዘ ኮምፖስቱም (በስብሶ ማዳበሪያ የሚሆነው) ይሸታል፣ ጋዝም ይለቃል፤ አልደብቅም። ግን ሒሳብ ከተሠራ ናፍጣው ብቻ አይቆጠርም። ክምሩም፣ ከክምሩ ሥር የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽም፣ ገበሬው ሳይገዛ የቀረው ማዳበሪያም ይቆጠር።

ደግሞ ክረምት ሲገባ ድልድይ ላይ ቆማችሁ ቀሃን እዩት። የመጀመሪያው ዶፍ በወረደ ማግስት ቁጥቋጦው ሁሉ ፌስታል ለብሶ ይውላል፤ ውኃው ሲጎድል እንደ ጨርቅ ተሰጥቶ ይቀራል። ውኃው መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና ይገባል። እንቦጭ የሚወፍረው ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በበዛበት ውኃ ነው። ጥፋቱ ሁሉ የጓዳችን ነው አላልኩም፤ የእርሻውም፣ የሽንት ቤቱም አለበት። ድርሻችንን ግን አንካድ።

ተከራይ ነኝ፦ አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ሆነን እየኖርን ሁለት ባልዲ የት እናስቀምጥ? እኛ ግቢ ማታ ማታ ላስቲክ ይነዳል፤ ጭሱ በመስኮት እየገባ ልጄን ያስለዋል። ቅጣት ከመጣ ይህ ይብሳል። ሰው ከሚቀጣ ያነደዋል፣ ወይ ሌሊት ቦዩ ውስጥ ይጥለዋል።

የአዘዞው፦ እዚህ ላይ እውነት አለሽ። እኔም ስለ ናፍጣው ቸኩያለሁ መሰለኝ። ክምሩን ግን ምን እናድርገው? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል።

የቀሃ ልጅ፦ ታዲያ ወደ ክምሩ የሚሄደው ይቀንስ ነው የምለው። ቅጣቱ ይቅርና በየመንደሩ የእርጥቡ ጋሪ ብቻ የሚመጣበት ቀን ይኑር። ሁለተኛ መኪናም አያሻም፤ ቀኑ ብቻ ይለይ።

የማራኪዋ፦ እሱ ከሆነ ነገ እጀምራለሁ።

በሬ አደልባለሁ፦ እናንተ ስትከራከሩ እኔ ልጣጭ ፍለጋ እዞራለሁ! የድንች፣ የጎመን፣ የጠላ አተላ፣ ሁሉንም እወስዳለሁ። አምና ግን አንዲት ላም ሞተችብኝ። ሆዷ ሲከፈት እንደ ገመድ የተገመደ ፌስታል ወጣ፤ ሁለት እጅ ሙሉ። የማራኪዋ እህቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። አንዲት ፌስታል ካገኘሁ ግን ጆንያሽን እዚያው ደጅሽ ላይ ትቼው ነው የምሄደው።