ጥቆማ፦ ለክራርና ለችክችካ የትኛው ትራከር ይሻላል?

ክራር_ስቶክሆልም
ሰላም ቤተሰብ። የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ዊንዶውስ 95 የተጫነበት ፔንቲየም በርካሽ አግኝቼ ተሸክሜው ገባሁ፣ ሚስቴ እስካሁን ኩርፊያ ላይ ናት። ድሮ ሰው በፍሎፒ እየገለበጠ ይቀባበላቸው የነበሩትን የሙዚቃ ፕሮግራሞች ልሞክርበት ነው፣ ትራከር የሚባሉትን፣ አጭር የተቀዳ ድምፅ (ሳምፕል) ወስደህ ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር የምትደረድርባቸውን። ክራሬን ክር በክር ቀድቼ ችክችካ ልሠራ አስቤያለሁ። ፋስት ትራከር 2፣ ስክሪም ትራከር 3 ወይስ ኢምፐልስ ትራከር? የሚከፈልበት ካለም እከፍላለሁ።

ባለ486
ፋስት ትራከር 2! ደሞ ስዊድን ቁጭ ብለህ ትጠይቃለህ እንዴ፣ እዛው ያሉ ትራይተን የሚባሉ ልጆች አይደሉ እንዴ በ1994 ያወጡት። 32 ቻነል አለው፣ ማለት 32 ድምፅ በአንዴ ያስጮሃል፣ በማውስ ይሠራል፣ አለቀ።

ማታ_ማታ
ማውስ ለሰነፍ ነው። ኢምፐልስ 64 ቻነል አለው፣ ከዛ ደሞ አዲስ ኖታ ሲመጣ የበፊቱን ድምፅ እንዳይቆርጠው ማድረግ ትችላለህ። ለክራር ዋናው እሱ ነው፣ አንዱ ክር እየጮኸ ሌላው ይመታል። በፋስት ትራከር ግን እዛው ቻነል ላይ ሁለተኛውን ስትመታ የመጀመሪያው ቀጥ ይላል።

ባለ486
በሌላ ቻነል ላይ አድርገዋ! 32 አነሰህ?

ፍራንክፈርት_ጋሼ
ልጄ እከፍላለሁ ስትል አንድ ነገር ልንገርህ። በ1993 አሚጋ 500 የሚባል ኮምፒውተር ነበረኝ። አንድ ጓደኛዬ የሙዚቃ ፕሮግራም በዲስክ ሰጠኝ፣ ስከፍተው "ከወደዱት ይህን ያህል ይላኩ፣ ሙሉውን እንልካለን" ይላል። እኔ የዋህ፣ 30 ማርክ እንዳይታይ በካርቦን ወረቀት ጠቅልዬ ፖስታ ውስጥ ከትቼ ላክሁ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ የፖስታ ሳጥኑን ስከፍት ስዘጋ ጎረቤቴ ፍቅረኛ ያለኝ መስሏት ነበር። ምንም። አንድ ፌኒግ ያልከፈለው ጓደኛዬ ግን አዲሱን ቨርዥን ከሌላ ሰው ገልብጦ መጣና እኔኑ አሳየኝ!

ሚሚ_ቨርጂኒያ
ጋሼ ይቅርታ ግን በካርቦን ወረቀቱ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ 😂 በአደራ ፖስታ አልላኩትም?

ፍራንክፈርት_ጋሼ
አደራው ራሱ ስንት ማርክ ነው የኔ ልጅ።

ማታ_ማታ
ጋሼ የርስዎ ያሳዝናል፣ ግን ተገላቢጦሹም አለ። ኢምፐልስን የሠራው ጄፍሪ ሊም የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፣ ፕሮግራሙን በነፃ ሰጥቶ ዘፈኑን ስቴሪዮ ዌቭ ፋይል (ተራ የድምፅ ፋይል) አድርጎ የሚያወጣላቸውን ተጨማሪ ግን ለከፈሉት ብቻ ነበር የሚሰጠው። ያንን አንዱ አሾልኮ በተነውና ሰውዬው ከ2.14 በኋላ በቃኝ አለ። ኮዱን በ2014 ለሁሉም ለቀቀው። እና ማን ነው ማንን የበላው?

ቢት_በቦሌ
ምን ያደክማችኋል፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ የሚባለውን የሙዚቃ ፕሮግራም ክራኩን በፍላሽ እሰጥሃለሁ፣ ከነፕለጊኑ።

ሚሚ_ቨርጂኒያ
ሰውዬው ስቶክሆልም ሆኖ ልክፈል ይላል፣ አንተ ቦሌ ሆነህ ስርቆት በፍላሽ ታድለዋለህ። ለዊንዶውስ 95 ደሞ። ጎበዝ።

ድምፅ_ሠሪው
ወደ ጥያቄው እንመለስ። ችክችካ 6/8 ነው፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ደሞ አንድ ፓተርን (የዘፈን ቁራጭ) ብለው የሚሰጡህ 64 መስመር ነው፣ ለአንድ ምት ሁለት ሁለት መስመር ስትሰጥ አንዱ ባር (ስድስቱ ምት) 12 ይሆናል፣ 64 ደሞ ለ12 አይካፈልም፣ ስለዚህ መጨረሻው ላይ ይደናቀፍብሃል። 48 አድርገው፣ አራት ባር ልክ ይገባል። ፋስት ትራከር ላይ የፓተርኑን ርዝመት 30 በለው፣ ቁጥሩ በሄክስ (በ16 እየተቆጠረ) ስለሆነ 48 ማለት ነው። ስክሪም ላይ ርዝመቱ አይቀየርም፣ መስመሩ ከ0 ስለሚቆጠር መስመር 47 ላይ ሲ00 (C00) የሚለውን ትዕዛዝ ጻፍና ወደሚቀጥለው ፓተርን ይዘላል። ክራሩን ሉፕ (እየደጋገመ እንዲጮህ) አታድርገው፣ ራሱ እስኪሞት ድረስ ቅዳው። ቅኝቱ ከፒያኖ ትንሽ ከወጣ ሳምፕሉን በፋይንቲውን (ድምፁን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው) አስተካክለው፣ ሁሉም ክር ለየብቻ። ፔንቲየሙ ካስቸገረህ ኦፕን ኤምፒቲ የሚባል ትራከር ላፕቶፕህ ላይ በነፃ ይሠራል፣ የሦስቱንም ፋይል ይከፍታል።

ባለ486
ላፕቶፕ ላይ ከሆነማ ምኑን ትራከር ሆነ። ፋስት ትራከር 30 ዓመት አልከዳኝም።

ማታ_ማታ
አንተም አልከዳኸውም፣ ሌላ መች ሞክረህ ታውቃለህ።

ክራር_ስቶክሆልም
ድምፅ_ሠሪው እጅህ ይባረክ፣ ለካ ለዛ ነው ምቱ ሲወላገድብኝ የዋለው። ጋሼ፣ ያ ዲስክ አሁንም አለ?

ፍራንክፈርት_ጋሼ
አለ እንጂ፣ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። ፍሬድ ፊሽ የሚባል ሰው የአሚጋ ፕሮግራሞችን ሰብስቦ ያወጣቸው ዲስኮችም አሉኝ፣ ከ1,000 በላይ ዲስክ ነበር ተከታታዩ፣ በቁጥር ነበር የምናዘው። የሰው ዘፈንም አለ፣ ሠሪዎቹ የሳምፕሉ ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሰላምታና አድራሻ ይጽፉ ነበር፣ በየመስመሩ 22 ፊደል እየቆራረጡ። አንዱ "እናቴ ተኚ እያለችኝ ነው" ብሎ ጽፏል። ልላክልህ?

ድምፅ_ሠሪው
ጋሼ የአሚጋ ዲስክ 880 ኪሎባይት ነው፣ አጻጻፉም ይለያል፣ የፔንቲየሙ ፍሎፒ ድራይቭ አያነበውም። ግሪስዊዝል የምትባል ትንሽ ቦርድ አለች፣ ተራውን ድራይቭ በእሷ በኩል በዩኤስቢ አገናኝተው ይገለብጡታል።

ፍራንክፈርት_ጋሼ
ስንት ነው ዋጋዋ? በፖስታ ብር ላኩ ካሉ ግን አልልክም።

ሚሚ_ቨርጂኒያ
ፍሎፒ ካነሳችሁ አይቀር፣ የወንድሜ ያማሃ ኪቦርድ ውስጥ ዲስክ አስገብተውበት አልወጣም ብሏል፣ እዚህ ዲሲ አካባቢ የሚፈታልን ሰው ታውቃላችሁ?

ባለ486
በጉጠት ቀስ ብለሽ ሳቢው እህቴ። ክራር_ስቶክሆልም፣ ፋስት ትራከርን ጫንከው አይደል?