ለዓሣም ለቤተሰብም የሚሆን ሴንተር ኮንሶል ጀልባ ልገዛ ነው፣ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዓመት በሰው ጀልባ ቼሳፒክ ቤይ ላይ ሮክፊሽ ሳጠምድ ቆይቼ ዘንድሮ የራሴን ልገዛ ቆርጫለሁ። እሑድ እሑድ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ መውጣት እፈልጋለሁ፤ ትንሹ 5 ዓመቱ ነው። ዓይኔ ያረፈው 24 ጫማ ርዝመት ባለው ያገለገለ ሴንተር ኮንሶል (መሪው ያለበት ኮንሶል መሃል ላይ የቆመ ክፍት ጀልባ) ላይ ነው፤ ሞተሩ 250 የፈረስ ጉልበት፣ ከነትሬለሩ (በመኪና የሚጎተተው መጫኛ)። በጀቴ 35 ሺህ ዶላር፣ መኪናዬ ቶዮታ ሲዬና። ያዋጣኛል? ምንስ ልጨምርበት?

የአናፖሊሱ
ወንድሜ፣ ጀልባውን ቆይ፣ መጀመሪያ መኪናህን እንይ። ሲዬና ቢበዛ 3,500 ፓውንድ ነው የሚጎትተው። ሻጮች የሚጽፉት ብዙ ጊዜ የባዶውን ጀልባ ክብደት ነው፤ ሞተሩ፣ ትሬለሩ፣ ዕቃው ሲጨመር ሌላ ነው። ቤንዚን ብቻውን በጋሎን 6 ፓውንድ ያህል ይመዝናል፣ 100 ጋሎን ስትሞላ 600 ፓውንድ ጫንክ ማለት ነው። ጀልባ ማውረጃው ደግሞ ተዳፋት ነው፣ ታችኛው ጫፉ አረንጓዴ አንሸራታች ነገር ለብሷል። እዚያ ላይ መኪና ወደ ኋላ ሲንሸራተት አይቻለሁ፣ አይተህ አትረሳውም። ወይ መኪና ትቀይራለህ፣ ወይ ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ተከራይተህ ታቆማለህ፣ ወይ ወደ 20 ጫማ ትወርዳለህ (ያም ቢሆን ለሲዬና ይከብዳል)።

እና ታክስ አትርሳ፤ ሜሪላንድ ላይ ስታስመዘግብ ከዋጋው 5 በመቶ ትከፍላለህ።

ጋራዥ ነኝ
ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ካላየህ አትግዛ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ ጠርጥር። የሁሉንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የውስጥ ግፊት) አስለካ፣ ቁጥሮቹ መቀራረብ አለባቸው። ከዚያ ከታች ያለችውን የማርሽ ዘይት መክፈቻ ትንሽ ላላ አድርግና ዘይቱን በጣትህ ተቀበል። ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል።

ሞተሩ የተሰቀለበት የኋላ ግድግዳም አለ፣ ትራንሰም የሚሉት። በመዶሻ እጀታ ቀስ እያልክ መታ መታ አድርገው። ደህናው ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ካርቶን ዱብ ይላል። እኔ የመጀመሪያዋን ስገዛ በቀለሟ ተታልዬ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ለጥገና ያወጣሁት ገንዘብ ሌላ ጀልባ ይገዛ ነበር።

የሦስት ልጆች እናት
እኔ ከባለቤትህ ወገን ሆኜ ልናገር። ሴንተር ኮንሶል ዙሪያውን እየዞሩ ለማጥመድ የተሠራ ነው፤ ለልጅ ግን ፀሐይና ነፋስ ነው። ከኮንሶሉ በላይ ጣሪያ ከሌለው አትውሰድ። ኮንሶሉ በር ኖሮት ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት የሚያስገባ ይሁን። ባለቤቴ "ባልዲ አለ" ብሎኝ ነበር፤ ሁለተኛ ላልወጣ ማልኩ!

ደግሞ ቤዩ ጥልቀቱ በአማካይ 21 ጫማ ብቻ ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ወገብ ይሰብራል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድም አይታመንም። ቤተሰብ ይዘህ ስትወጣ በጠዋት ወጥተህ እኩለ ቀን ላይ ተመለስ።

የጣና ልጅ
እኛ ታንኳ ላይ ያደግን ሰዎች ስለ ኤሌክትሮኒክስ ባናወራ ይሻላል :) ግን ገንዘብህን ዓሣ ማሳያ ስክሪን ላይ ከማፍሰስህ በፊት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ (የጀልባ መገናኛ) ግዛ፤ የጭንቅ ጊዜ ቻናል 16 ነው። ስልክ ሁሉም ቦታ አይሠራም። ሁለት ባትሪ ከነማቀያየሪያው፣ በራሱ የሚነሳ የውኃ መምጠጫ ፓምፕ፣ መልህቅ ከነሰንሰለቱ። ገመዱ የጥልቀቱን 7 እጥፍ ይሁን፣ አለዚያ መልህቁ ይጎተታል።

ሞተር የሚያጠፋውን ገመድ ስትነዳ ሰውነትህ ላይ እሰረው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ ለሚያንሱ ጀልባዎች በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። ለልጆቹ ላይፍ ጃኬት በየክብደታቸው ግዛ፣ "ያድጋሉ" ተብሎ ሰፊ አይገዛም። በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁላይ 1, 1972 ወዲህ ከተወለድክ ደግሞ ሜሪላንድ ላይ ለመንዳት የጀልባ ደኅንነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልግሃል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁት። ስደርስ ሞተሩ ሞቋል። የማርሽ ዘይቱ ቁርጥ ማኪያቶ! ሻጩ "እሱማ እንደዚያው ነው" አለኝ፣ አመስግኜ ወጣሁ። አሁን 21 ጫማ ጣሪያ ያለው እየፈለግሁ ነው፣ ማሪናም እየጠየቅሁ ነው። ባለቤቴ ፎቶዎቹን ሳሳያት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "በሩ የታለ?"