ከአንድ ማር ሁለት ዓይነት ጠጅ፤ እጄ ነው ወይስ አገሩ?

የማርቆሷ፦
ሰላም ለቤቱ። ለጥምቀት ብለን ታኅሣሥ 20 ጠጅ ጣልን። ግማሹን ማር እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ ግማሹን እናቴ ከደጀን በታች ቆላ። ማሩ አንድ፣ ጌሾው አንድ፣ ልኬቱም አንድ ለሦስት። የእሷ በሁለት ሳምንት ደረሰ። ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ቆምጠጥ ይላል። የእኔ ግን ጥምቀት መጥቶም ገና እንደ ብርዝ ይጣፍጥ ነበር። እንግዳ ፊት አፈርኩ። ባለቤቴ «እጅሽ ነው» ይለኛል። እውነት እጄ ነው?

ጠጅ ጣይ ዘዳንግላ፦
ኧረ እጅሽ ምን አደረገ እህቴ! ብርዱ ነው። ማርቆስ እኮ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ የጮቄ ነፋስም አለባት። ከደጀን ወደ አባይ ስትወርጂ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ጠጁን የሚያፈላው እርሾ ብርድ ሲይዘው ያንቀላፋል፣ ማሩን ቶሎ አይበላውም። የሚጣፍጥሽ ያልተበላው ማር ነው። ቆላ ላይ እርሾው ይሮጣል፤ ግን ሙቀቱ ለሚያኮመጥጠውም ይመቸዋል። የእናትሽን ቶሎ ጨርሱት፣ አይቆይም።

አንቺ ጋኑን ወደ ምድጃው አስጠጊው፣ በጋቢም ጠቅልይው። ማር አትጨምሪበት! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበላሸዋል።

ለመሆኑ ማሩ ምን ዓይነት ነበር?

የማርቆሷ፦
የኅዳር ማር። ቢጫ ነው፣ እንደ ቅቤ የረጋ።

ጠጅ ጣይ ዘዳንግላ፦
እሱማ የኑግና የሜጭ ነው። ክረምቱ ወጥቶ መስኩ ቢጫ ሲለብስ ንቧ የቀሰመችው። ቶሎ መርጋቱ ጠባዩ ነው እንጂ ስኳር ተቀላቅሎበት አይደለም። ዝናቡ ቀድሞ ሲያቆም አበባው ያጥራል፣ ቀፎውም ማር ያንሰዋል። እኔ ጠጁን ከመጣሌ በፊት የመስከረምን ሰማይ ነው የማየው።

ዝዋይ የሠራሁ፦
የወይን እርሻ ላይ ነበርኩ፤ ነገሩ ያው ነው። ዝዋይ 1,600 ሜትር ግድም ነው። ቀን ፀሐዩ ፍሬውን ያጣፍጠዋል፤ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ኮምጣጣነቱ አይጠፋም። ፈረንሳይ ውስጥ ተክሉን የሚያስተኛው የክረምቱ ብርድ ነው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ብርድ የለም፤ ወይኑ መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው የመግረዣው መቀስ ነው። አገሬ ስገባ «ማርቆስ ላይ ለምን አንተክልም?» ይሉኛል። ሐምሌን አሳዩኛ! የበሰለ ዘለላ ያ ሁሉ ዝናብ ከወረደበት ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። በጋ ላይ እንዲበስል ቢገረዝ እንኳ የማርቆስን ሌሊት ታውቁታላችሁ። እኔ ብሆን ከደጀን ቁልቁል ነበር የምሞክረው።

የማርቆሷ፦
ጋቢ ካለበስኩት አምስት ቀኑ። ትናንት ማታ ጆሮዬን ጋኑ ላይ ባስጠጋ ይንሾካሾካል! ባለቤቴ እስካሁን ጋቢውን እየፈለገ ነው።