ለስኮሊዮሲስ ልጆች የኑሮ ጥራት መጠይቅ፦ ነጥቡና ትርጉሙ ላይ እርዳታ

ፊዚዮ ከሳቢያን (ድሬዳዋ)
ከ11 እስከ 17 ዓመት ያሉ አከርካሪያቸው የተጣመመ ልጆችን እንከታተላለን። ከራጁ ላይ የኮብ ማዕዘኑን (የጥመቱን መጠን በዲግሪ) እንለካለን፤ ልጁ ኑሮውን እንዴት እየኖረ እንደሆነ ግን ካርዱ ላይ የሚጻፍ ነገር የለም። ስለዚህ ኤስአርኤስ-22አር የተባለውን ባለ 22 ጥያቄ መጠይቅ ልንጀምር ነው። ነጥቡ እንዴት ይወጣል? የተዘለለ ጥያቄ ሲኖርስ? ወደ አማርኛ ስንመልሰውስ የት የት እንጠንቀቅ? ብሬስ (አከርካሪውን የሚይዝ ድጋፍ) የሚያደርጉም አሉ።

አከርካሪ
በነጥቡ ልጀምር። ጥያቄዎቹ በአምስት ዘርፍ ይከፈላሉ። እንቅስቃሴ 5፣ 9፣ 12፣ 15፣ 18 ቁጥር ነው። ሕመም 1፣ 2፣ 8፣ 11፣ 17፤ ቁመና 4፣ 6፣ 10፣ 14፣ 19፤ የአእምሮ ጤና 3፣ 7፣ 13፣ 16፣ 20፤ በሕክምናው መርካት 21 እና 22። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል፤ ጥሩው 5 ነው።

የዘርፉ ነጥብ አማካይ ነው፤ የሚካፈለውም ለተመለሱት ጥያቄዎች ብቻ። አንዲት ልጅ ስለ ቁመና 3፣ 2፣ 3፣ 2 መልሳ አንዱን ብትዘል 10 ለ4 ይካፈልና 2.5 ይሆናል። ለ5 ካካፈሉት 2 ይወጣል፤ የዘለለችው ጥያቄ በዜሮ ተቆጠረባት ማለት ነው፣ ዜሮ ደግሞ በዚህ መጠይቅ የለም። አምስት ጥያቄ ባለው ዘርፍ ከሦስት በታች ከተመለሰ ዘርፉን ባዶ ይተዉት። ሕክምና ላልጀመረ ልጅ በመጀመሪያዎቹ 20 ጥያቄዎች ብቻ ያውጡ።

ስህተት የሚበዛው የአእምሮ ጤናው ላይ ነው። «ሁልጊዜ» የሚለው መልስ ለእርጋታና ለደስታ 5 ነው፣ ለመረበሽና ለሐዘን ግን 1። የመልሱን ተራ ቁጥር እንዳለ ኤክሴል ላይ የሚያስገባ ሰው ይህን ይገለብጠዋል።

ጠቅላላ አማካዩን ብቻ አይጻፉ። ብዙ ልጆች በእንቅስቃሴ ወደ 5 ይጠጋሉ፤ ያ ከፍተኛ ነጥብ የቁመናውን ዝቅታ ይሸፍነዋል። የሚያሳስበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቁመናው ነው።

ተርጓሚዋ፣ ሐረር
መጀመሪያ ከመጠይቁ ባለቤቶች ፈቃድ ይጠይቁ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙ፣ ሁለቱ ተቀራርበው አንድ ያድርጉት፣ እንግሊዝኛውን ያላዩ ሌሎች ሁለት ሰዎች መልሰው ወደ እንግሊዝኛ ያዙሩት። ሐኪሞችና የቋንቋ ሰዎች ልዩነቱን ካዩ በኋላ ከ30 እስከ 40 ታካሚዎች ላይ ይሞከር።

ወጥመዶቹን ልንገርዎ። «የቤት ሥራ» ካላችሁ ተማሪ ከትምህርት ቤት የተሰጠውን መልመጃ ነው የሚያስበው። 12 እና 17 ቁጥር ላይ «የቤት ውስጥ ሥራ፣ እንደ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት» በሉ። «መልክ» ወደ ፊት ይሄዳል፤ «ቁመና» ይሻላል። «ነርቭ» በሽታ ይመስላል፤ «መረበሽ» በሉ። ለሐዘኑ «ሆድ ይብስሃል?» ሲባል ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል። «ጀርባ» ብቻ ከተባለ ደግሞ ወገቡን የሚያመው «ጀርባዬ ደህና ነው» ሊል ይችላል፤ «ጀርባ ወይም ወገብ» ይሁን።

17 ቁጥር ባለፉት 3 ወራት በጀርባ ሕመም ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ የቀሩባቸውን ቀናት ይጠይቃል። መስከረም መጀመሪያ ላይ ከጠየቃችሁ ክረምቱን ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጁ የተሻለው ይመስላል። «ባለፉት ስድስት ወራት» የሚሉትን ጥያቄዎች ደግሞ በሚያስታውሱት ቀን ያዙት፦ ከጥምቀት ወዲህ፣ ከዒድ ወዲህ።

ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ለሚቀለው ልጅ እዚያው በቃል እየተረጎሙ መጠየቅ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ የተፈተነ ትርጉም ይፈልጋል። በየትኛው ቋንቋ እንደተሞላ ቅጹ ላይ ይጻፍ፤ በሚቀጥለውም ጊዜ በዚያው ይሁን።

ብሬስ ክፍል
ለብሬሱ ጭንቀትን የሚለካውን የባድ ሶበርንሃይምን መጠይቅ ጨምሩበት። 8 ጥያቄ ብቻ ነው፣ ነጥቡ ከ0 እስከ 24። ከፍ ሲል ጭንቀቱ ቀነሰ ማለት ነው፤ ከ0 እስከ 8 ያገኘ ልጅ በጣም ተጨንቋል። ዕድሜው ከ10 በታች ለሆነ ደግሞ ወላጅ የሚሞላው ኢኦኤስኪው-24 የተባለ መጠይቅ አለ።

የድሬን ሙቀት አትርሱ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከብሬሱ ሥር ላብ ይይዛል፣ ቆዳ ይላጣል፤ ጥጥ ካናቴራ ቢለበስም። የሰኔን ነጥብ ከታኅሣሥ ጋር አስተያይታችሁ «ብሬሱ አስጠላው» ብላችሁ አትፍረዱ፤ ከዓመት በፊት ከነበረው ሰኔ ጋር አስተያዩት።

ፊዚዮ ከሳቢያን
እግዚአብሔር ይስጥልን። በየስንት ጊዜው ይሞላ? እናትስ አጠገቡ ብትሆን?

አከርካሪ
የአእምሮ ጤናው ጥያቄዎች ስለ ስድስት ወር ስለሚጠይቁ በየ6 ወሩ ይበቃል። ራጁን ከማየቱ በፊት ይሙላው፤ «ጥመቱ ጨምሯል» የሚለውን ከሰማ በኋላ የቁመናው መልስ ሌላ ነው። እናት ውጭ ትጠብቅ። 15 ቁጥር ስለ ገንዘብ ችግር ስለሆነ ልጁ ወደ እሷ ይዞራል፤ ከዚያ የቀሩትንም እሷ ትመልስለታለች። ካላወቀው ባዶ ይለፍ፣ እንቅስቃሴውን በቀሩት አራት ያውጡት።